ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር

«ታላቋን ተዋት፤ የእሷ እጅ ለመርፌ እንጂ ለአፈር አልተፈጠረም።»

ይህን ያለችው እናቷ ናት። ታላቋ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ታደርቅ ነበር፤ መስኮቱ ገርበብ ያለ ስለነበር ቃሉ ሳይሸራረፍ ጆሮዋ ገባ። በረንዳው ላይ እናቷ፣ ታናሽ እህቷ ሚጡ እና ሚጡ ያመጣችው ባለባርኔጣ ሰው ተቀምጠዋል። ሰውየው የጠየቀው የዋህ ጥያቄ ነበር። ሥራው የቆዩ ቤቶችን ግቢ ወደ ጥንት መልኩ መመለስ ነው፤ ስለዚህ ተክሎቹን ወደፊት ማን እንደሚንከባከባቸው ማወቅ ፈለገ። እናትየው ታላቋን በዚያች አንድ ቃል ከግቢው አስወጣችና «ሚጡ ትሻላለች፤ ለሚጡ አበባ ነፍሷ ነው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ» ብላ ጨመረችበት። ሰፊዋ ብርጭቆውን አስቀምጣ እጇን አየችው። ጠዋት ቲማቲሟን ስትኮተኩት ጥፍሯ ሥር የገባው አፈር ገና አልለቀቀም። ያቺ አበባ ነፍሷ የሆነችው ሚጡ ጥርስ ሐኪም ናት። በክሊኒኳ የእንግዳ ማረፊያ ጥግ የቆመው ተክል ፕላስቲክ ነው፤ ሰፊዋ ባለፈው ጊዜ ጥርሷን ልትታከም ሄዳ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ቅጠሉ ላይ የተኛውን አቧራ አይታ አላስችል ቢላት በመሐረቧ ጠርጋለታለች።

የሰፈሩ ሰው «ሰፊዋ» ነው የሚላት። ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ቀልደኞች ደግሞ ስሙን ጠበቅ አድርገው ይጠሩትና ይስቃሉ፤ እሷ ከመርፌዋ እምብዛም የማትወፍር ሴት ናትና። ከእናቷ ጋር በዚህ አሮጌ ቪላ ስትኖር ሚጡ ተምራ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ከከተማው ማዶ ትልቅ ቤት ሠርታ ነበር። አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ይሆናታል፣ ሚጡ የአሮጌው ቪላ ፍቅር ያዛት። ጣሪያውን አስቀየረች፣ የተበላውን የመስኮት እንጨት አስጠገነች፣ የሳሎኑን ወለል አስልጋ ቀለሙን ወደ ድሮው መለሰች። የመጣ እንግዳ ሁሉ ወለሉን እያየ «ሚጡ እኮ ቤቱን ከሞት አዳነችው» ይላል። ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ እየለዋወጠ ያደረውን ሰው ግን የጠየቀ የለም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ።

ሻዩን ይዛ ስትወጣ ባለባርኔጣው ሰው እየተናገረ ነበር። ወጣትም ሽማግሌም ያልሆነ፣ ፊቱ ፀሐይ የለመደ፣ ቃላቱን እየመረጠ የሚናገር ሰው ነው። እናትየው ገና ከበሩ ሲገባ «አትክልተኛው» ብላ ሰይማዋለች፤ እሱም «እማማ፣ እኔ እንኳን ንድፍ አውጪ ነኝ፤ የሚተክሉት ሌሎች ናቸው» ብሎ ቢያስረዳ «እሺ አትክልተኛዬ» ብላ አስቃዋለች። ሰፊዋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ቀና ሳይል «የኔ እህት፣ ስኳር ይኖራል?» አላት። ስኳሩ እዚያው ትሪው ላይ ነበር። ሚጡን ግን «ዶክተር» እያለ ነው የሚጠራት። የቤት ሠራተኛ መስላው እንደሆነ ሰፊዋ ገባት፤ ሚጡም የገባት መሰላት፤ ሆኖም ሚጡ ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ የተሳለውን መንገድ በጣቷ እየተከተለች ስለነበር ሳታስተዋውቃት ቀረች።

«ቤት ዕድሜውን የሚመስል ግቢ ይፈልጋል» አለ ሰውየው ሻዩን እያማሰለ። «ሽማግሌ ሰው የጎረምሳ ሱሪ ለብሶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያሳዝናል እንጂ አያምርም። ይሄ ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ምሰሶው እንጨት ነው። በተሠራበት ዘመን እንዲህ ላለው ቤት ከበሩ እስከ ደረጃው የጠጠር መንገድ፣ በግራና በቀኝ ዝቅ ብሎ የተከረከመ አጥር፣ ምሰሶው ላይ የሚወጣ ሐረግ ነበር የሚተከለው። የሲሚንቶው ንጣፍ ይነሳል። ያ ዘንባባም ያኔ አይታወቅም፤ ከዚህ ቤት ያነሰ ዕድሜ ነው ያለው።» እናትየው እንደ ትንሽ ልጅ ሳቀች። ሰውየውም ሳቋ አበረታታውና በእስክሪብቶው ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ጠቆመ። «የፕላስቲክ ማሰሮዎቹም፣ ቆርቆሮዎቹም፣ ይሄ የቲማቲም መደብም ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። ያኔ የሚበላ ነገር ከጓሮ ነው፤ ፊት ለፊት ለዓይን ነው።»

ሚጡ «እሱማ ግልጽ ነው» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ያንን ሰፊዋም ታውቃለች። ያናደዳትም ይኸው ነበር። ክፉ ብትሆን ኖሮ መጥላት ይቀላል፤ ሚጡ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ የሰው ነገር የምትወስደው እየሳቀችና እየሳመች ነው። ስለ ጠጠር ዋጋ ተነሳ። አንድ የጭነት መኪና ጠጠር ስንት እንደሆነ ሰውየው ሲናገር ሰፊዋ በልቧ ወደ ዩኒፎርም መነዘረችውና የአንድ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ ብታለብስም እንደማይሞላ ተረዳች። ሚጡ ደግሞ «ሁለት መኪና ያስፈልገናል አይደል?» አለች፣ ሁለት ዳቦ እንደምታዝ። ከዚያ የእናቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ጎንበስ አለችና በዚያ የልጅ ድምፅዋ «እማዬ፣ እስቲ አስታውሺኝ፤ ከዚህ መስኮት ሥር ድሮ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

የእናትየው ፊት በራ። ሰፊዋ ያን ብርሃን ታውቀዋለች፤ ሚጡ ስትመጣ የሚበራ፣ መኪናዋ ከበሩ ስትወጣ የሚጠፋ ነው። ሰኞና ማክሰኞ፣ ሾርባ ስታቀርብላት፣ እግሯን በሞቀ ውሃ ስታሽላት፣ በርቶ አያውቅም። «ጽጌረዳ» አለች እናትየው። «ነጭ ጽጌረዳ። አባታችሁ በገዛ እጁ የተከለው። ጠዋት መስኮቱን ስከፍተው ሽታው…» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። የሚጡ ዓይን እንባ አቀረረ። ሰውየው ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ማንም ወደ ሰፊዋ አልዞረም። ጽጌረዳዎቹ ሲተከሉ ሚጡ አልተወለደችም ነበር፤ ለአባቷ ውሃ በጣሳ ያቀበለችው ሰፊዋ ናት። አባታቸው ሞቶ ግቢው ለእንጨት ነጋዴ ሲከራይና ግንዱ በጽጌረዳው ላይ ሲራገፍ ቆማ ያየችውም እሷ ናት፤ ሚጡ ያኔ ገና እየታዘለች ነበር። ነጋዴው ሲለቅ ያንን በቅርፊትና በሰጋቱራ የታፈነ መሬት ቆፍራ ቲማቲም ያበቀለችበትም እሷው ናት። አሁን ግን ትዝታው ከእናቷ አፍ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ሚጡ ጆሮ ሲሄድ፣ በመካከል እሷ ከትሪው አጠገብ ቆማለች። አፏም ከልቧ ቀደመ።

«ጽጌረዳ አልነበረም» አለች።

ሦስቱም ዞሩ። «ከመስኮቱ ሥር ከጥንትም አትክልት ነው የነበረው። ቲማቲም፣ ጎመን። አባባ ነው የጀመረው፤ እኔ ቀጠልኩት እንጂ ከየትም አላመጣሁትም።»

«ነጩ ጽጌረዳስ?» አለች እናትየው።

«እማዬ፣ እሱ የጎረቤታችን የፋርማሲስቱ ግቢ ነው። ከእነሱ ጋር አምታታሽው።»

እናትየው ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ ቲማቲሙ አየች፣ መልሳ ወደ ታላቅ ልጇ አየች። የበራው ፊት እንደ ጠፋ አምፖል ሆነ። «እንዲያ ነው እንዴ?» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «የፋርማሲስቱ… አዎ እነሱም ነበራቸው መሰለኝ።» ሰፊዋ ይህን ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች። በቅርቡ እናቷ ጀበናውን እሳት ላይ ረስታ ካቃጠለችው በኋላ፣ የጎረቤት ስም ከምላሷ ላይ ጠፍቶባት ከዋለ በኋላ፣ እጇን ይዛ «ልጄ፣ አእምሮዬ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ፤ ለሚጡ እንዳትነግሪያት» ብላታለች። ይህን ፍርሃት ከሰፊዋ በቀር የሚያውቅ የለም። ከሁሉም የተደበቀውን ቁስል ታውቅ ነበር፤ ጣቷን የከተተችውም እዚያው ላይ ነው። ቃሏን መልሳ ልትውጠው ፈለገች፤ ነገር ግን ሰውየው ወረቀቱ ላይ የጻፈውን እየሰረዘ ነበር፤ መሰረዙ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሏት ነበር።

ሰውየው በሩንና አጥሩን ሊለካ ሜትሩን ይዞ ወረደ። ሚጡ ባዶ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ እህቷን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች፤ ሚጡ ብርጭቆ ስትሰበስብ ያኔ ነው የታየችው። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?» አለች።

«ምን ሆነች?»

«እታበባ» አለቻት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ታላቅ እህቷን እንዲህ ነው የምትጠራት፤ «አትደብቂኝ። አባባ የተከለውን ከጎረቤት ግቢ ጋር ቀላቀለች እኮ። ባለፈውም ስልክ ላይ አንድ ወሬ ሁለት ጊዜ ነው የነገረችኝ። ዝም ያልኩት አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው።»

ሰፊዋ ቧንቧውን ከፍታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ሚጡ ከጀርባዋ ቆማ ቶሎ ቶሎ ተናገረች፤ ስትፈራ እንዲህ ነው የምትናገረው። እናታቸውን ወደ ራሷ ቤት ትወስዳታለች። ጓደኛዋ የሆነ የነርቭ ሐኪም አለ፣ ያያታል። ቀን ቀን የምትጠብቃት ነርስ ይቀጠራል። ልጆቿም አያታቸውን ይጠግባሉ። ግቢውም ይቆይ፤ ባለቤቱ በሌለችበት ጠጠር ማፍሰስ ምን ይረባል፣ ቤቱም ቢከራይ ይከራያል። «አንቺም ታርፊያለሽ» አለች በመጨረሻ፣ እጇን ትከሻዋ ላይ አድርጋ። ሰፊዋ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው «እረፊ» እንዲላት ትመኝ ነበር። አሁን ቃሉ ሲመጣ «ከቤት ውጪ» እንደመባል ሆነባት። እናቷ በሚጡ ሰፊ ሶፋ ላይ፣ በሚጡ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ለሚጡ እንግዶች «ያሳረፈችኝ ሚጡ ናት» ስትል ታያት። ቲማቲሟን ለማዳን ብላ የወረወረችው ድንጋይ የራሷን ጣሪያ ነደለው። ያኔውኑ እውነቱን መናገር ትችል ነበር። ሚጡ ግን «ምስኪን እታበባ፣ ብቻሽን ስትሸከሚው ኖረሽ» ስትላት የሚቀጥለውን ብርጭቆ አነሳች። ሰው እንዲያዝንላት ካማራት ቆይቶ ነበር።

ምሳ ቀረበ። አትክልተኛው እግረ መንገዱን የሚያየው ሌላ ግቢ ስላለ ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄዷል። ጠረጴዛው ላይ የአትክልት ሾርባ፣ ዳቦና ቅቅል ድንች አለ፤ ሾርባው ውስጥ ያለው ቲማቲም ያው የግቢው ነው። ሦስቱም በየወንበራቸው ተቀመጡ። ወትሮ ሚጡ በመጣች ቀን ይህ ጠረጴዛ ወፍጮ ቤት ነው፤ እናትየው ትጠይቃለች፣ ሚጡ ትመልሳለች፣ ሰፊዋ ትሰማለች። ዛሬ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሚጡ የእናቷን እጅ ታያለች፤ ማንኪያውን እንዴት እንደያዘች፣ ጨው የት እንደፈለገች፤ የታካሚ አፍ እንደምታይ ነው የምታያት። እናትየውም መታየቷ ገብቷታል። አንገቷን ደፍታ በዝግታ፣ በጥንቃቄ ትበላለች፤ እንዳይፈሳት፣ እንዳትሳሳት። ትንሽ ቆይታ እጇን ወደ ውሃው ኩባያ ሰደደችና መሀል ላይ አቆመችው። ጠርዙ ትንሽ የተሸረፈ ሰማያዊ ኩባያ ነው፤ ከሱ ሌላ በምንም ጠጥታ አታውቅም። ቀና ብላ ሁለቱን ልጆቿን ተራ በተራ አየች።

«ይሄ… የኔ ኩባያ ነው አይደል?»

ሚጡ «አዎ እማዬ፣ ያንቺ ነው፣ ጠጪ» አለች፣ ለሕፃን በሚወጣ ድምፅ፤ ዓይኗም ሞላ። ሰፊዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እናቷ በእውነት ኩባያዋ ጠፍቶባት አልነበረም። ያወቀችውን ነገር ማመን ትታ ነው። ጽጌረዳው ካልነበረ፣ ኩባያው የማን እንደሆነ፣ ወንበሩ የማን እንደሆነ፣ ማን ያውቃል? በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቃል፣ ሴትየዋ በገዛ ቤቷ ፈቃድ ጠያቂ ሆነች።

«ጽጌረዳ ነበር» አለች ሰፊዋ።

«ምን?» አለች ሚጡ።

«ከመስኮቱ ሥር። ነጭ ጽጌረዳ ነበር። አባባ ነው የተከለው፤ ውሃ ሳቀብለው እኔም አይቻለሁ። እማዬ አልተሳሳተችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።» እናቷን ማየት ስላልቻለች ለጨው ዕቃው ተናገረች። «ቲማቲሙ የኔ ነው። የእንጨት ነጋዴው ከወጣ በኋላ የተከልኩት እኔ ነኝ። እማዬ እጇ ለአፈር አልተፈጠረም ስትል ሰምቼ ነው። ይኸው ነው።»

ሚጡ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ተነሳች። ፊቷ ቀላ። «እኔ እኮ በልቤ እማዬን ቀብሬያት ነበር ያን ያህል ሰዓት! ሐኪሙ ጋ ደውያለሁ። ለባለቤቴ ደውያለሁ። ለቲማቲም ብለሽ?»

«ለቲማቲም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

ሰፊዋ የነበራት መልስ ጎልማሳ ሴት በምሳ ጠረጴዛ ላይ የምትለው ዓይነት አልነበረም። ሚጡም አልጠበቀቻትም። «አንቺ ምን ጎደለብሽና ነው?» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «በዚህ ቤት የሆነ ነገር ሁሉ ያንቺ ነው። አባባ ያንቺ ነው። ውሃ አቀበልኩት ትያለሽ፤ እኔ ድምፁን እንኳ አላስታውስም። ስለሱ ወሬ ሲነሳ እናንተ ሁለታችሁ ትተያያላችሁ፣ እኔ እንደ እንግዳ እስቃለሁ። ይሄን ጣሪያ፣ ይሄን ወለል፣ ይሄን ጠጠር ለምን የማደርገው ይመስልሻል? እኔም የሆነ ጊዜ እዚህ ነበርኩ ለማለት እኮ ነው!»

ሰፊዋ ይህን ሰምታ ለጊዜው አላመነችም። መኪና ያላት፣ ልጆች ያሏት፣ እናቷ ስታያት የምትበራላት ሚጡ፣ በእሷ፣ ባልዲ በምትለዋውጠዋ፣ ስትቀና ኖራለች። ማዘን ሲገባት መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ ትንሽ፣ ሙቅ፣ የሚያሳፍር ደስታ። የሚሰርቅ ሰው እንደሚያደርገው ቶሎ ሸሸገችው።

እናትየው ኩባያውን አንስታ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችና ጠረጴዛው ላይ ድው አድርጋ አስቀመጠችው። «ጨረሳችሁ?» አለች። «አንቺ» አለች ወደ ታላቋ ዞራ። ድምፅዋ የዛሬ ጠዋቱ አልነበረም፤ እነሱ ልጆች ሳሉ ከጓሮ እስከ በር የሚሰማው ድምፅ ነው። «የሰው አእምሮ ይቀለድበታል? ያውም የኔን ፍርሃት እያወቅሽ? አባትሽ ቢኖር በቀበቶ ነበር የሚልሽ!» ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። እናቷ እንዲህ ከተቆጣቻት ስንት ዘመኗ ነው? ለእሷ የሚወጣው ድምፅ «አምጪልኝ» እና «ውሰጂልኝ» ብቻ ከሆነ ቆይቷል። እናትየው ቀጥላ ወደ ታናሿ ዞረች። «አንቺም! በቁሜ ቤቴን ልታከራዪ ነው? ግድግዳው ጆሮ የለውም ብለሽ ነው? በትሬን አምጡልኝ።»

ሁለቱም ለበትሩ ተሯሯጡ። ሚጡ ቀድማ ያዘችው፣ ሰፊዋ ደግሞ የእናቷን ክንድ፤ በር ላይ ተጋፍተው ወጡ። እናትየው ደረጃውን ከወረደች ወራት አልፈው ነበር። አሁን ግን ሳታርፍ ወርዳ በሲሚንቶው ንጣፍ ላይ በትሯን እያንኳኳች መኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ደረሰች። ወገቧን ይዛ ትንፋሿን ስትሰበስብ አትክልተኛው ከበሩ ገባ። ሦስቱን ሴቶች ቲማቲም መሀል ቆመው ሲያይ ነገር እንዳለ ገባው፤ ብልህ ሰው ስለሆነ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ጻፍ አንተ» አለችው እናትየው። «ያልሰረዝከውን ገጽ አውጣና ጻፍ። የመጀመሪያው ጽጌረዳ እዚህ ነበር።» በትሯን በቲማቲሙ መካከል ወግታ ተከለችው። «ሁለተኛው እዚህ። ሦስተኛው ከመስመር ወጥቶ ነበር፤ ባሌ ሲቆፍር ድንጋይ አጋጥሞት ሰነፈ። ተሳደብኩት እንጂ አላነሳውም።»

«በመስመር ብናደርገው ለዓይን…» ብሎ ጀመረ ሰውየው።

«ከመስመር ወጥቶ ነበር አልኩህ እኮ።»

«እሺ እማማ፣ ይወጣል» አለና ለምልክት ችካል ባለችው ቦታ ተከለ። ሚጡ ከጀርባ ቆማ ፈገግ አለች፤ ስለ አባቷ አንድ አዲስ ነገር ማወቋ ነው። «ሰነፍ ነበር?» ብላ ጠየቀች፣ እናቷን ሳይሆን እህቷን። ሰፊዋ ትንሽ ልትነፍጋት አሰበች። ከዚያ «አካፋውን ጥሎ ደረጃው ላይ ተኝቶ ነበር» አለቻት። «ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ። ጣሳውን ይዤ እስኪነሳ ቆምኩ።»

«ድምፁ ምን ይመስል ነበር?»

«ቀጭን ነው። ሲናደድ እንዳንቺ ቶሎ ቶሎ ያወራል።»

ሚጡ ፊቷን አዞረች። እናትየው ይህን ሁሉ እንዳልሰማች ሆና «ቲማቲሙን ንቀይልኝ» ብላ ታላቋን አዘዘች። ልምምጥ አልነበረበትም። ሰፊዋም ተንበረከከች። ያንን ተክል በችግኝነቱ ታውቀዋለች፤ አንዳንዱ ገና አረንጓዴ ፍሬ አንጠልጥሏል። ባለዝናው የጠጠር ዘመን ገብቶ ሌላ ሰው ከሚነቅለው በራሷ እጅ ይሁን ብላ ሥሩን በጣቶቿ ዙሪያውን እየፈለፈለች ከነአፈሩ አነሳችው። ሚጡም ጫማዋን አውልቃ ጎኗ ተንበረከከችና አንዱን ግንዱን ይዛ ጎተተችው። ተቀነጠሰ። «ጥርስ መሰለሽ?» አለቻት ሰፊዋ ተቆጥታ። «ከሥር፣ ከሥር ያዢው!» ሚጡ ከሥር ያዘች። ከመሬቱ ሥር የድሮ ጽጌረዳ ሥር ወይም ሌላ ምልክት አልወጣም፤ የወጣው የእንጨት ነጋዴው ዘመን ቅርፊት ብቻ ነው፣ ጠቁሮና በስብሶ። እናትየው ሰውየው ባመጣላት ወንበር ተቀምጣ ሁለቱንም ታዛለች፤ ይሄን ወደ ጓሮ ውሰዱ፣ ያንን በውሃ ንከሩት። ሰውየውም በዚህ መሀል ወደ ሰፊዋ ጎንበስ ብሎ «አዲሶቹ ችግኞች ሲመጡ ውሃ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚፈልጉ የማስረዳው ለማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሰፊዋ እናቷን አየች። እናቷ ሌላ ቦታ ትመለከት ነበር። «ለኔ ንገረኝ» አለችው።

ሚጡ የሄደችው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነው። እናቷን አቅፋ ደጋግማ ሳመቻት። እህቷ ጋ ስትደርስ ቆም አለች። ይቅር አላለቻትም፤ ፊቷ ላይ ይነበባል፤ ግን ጉንጯን ነካ አድርጋ ሳመቻትና በጭቃ የተለወሰ እግሯን ሳትታጠብ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሰፊዋ በሩን ዘጋች። ሳሎን ገብታ ለነገ የምታደርሰውን የተማሪ ቀሚስ ዘርፍ ለመጥለፍ ተቀመጠች። እናትየው ከሶፋው ላይ ሆና የግድግዳውን ሰዓት፣ መጋረጃውን፣ እንደገና ሰዓቱን አየች። ስለ ቀኑ ነገር አልተነሳም። በመጨረሻ እናትየው አፏን ከፈተች።

«ሚጡ ደርሳ ይሆን? ያ መንገድ መኪና ይበዛበታል። እስቲ ደውዪላት።»

ሰፊዋ መርፌዋን ቀሚሱ ላይ ሰክታ ደወለችና ስልኩን ሰጠቻት። የእናትየው ድምፅ ወዲያው ተለወጠ፤ ያ ብርሃን መጣ። ደረስሽ ወይ፣ ልጆቹ በሉ ወይ፣ እግርሽን በሙቅ ውሃ ታጠቢ፣ ሦስተኛው ጽጌረዳ እንኳን ወደ ግራ ትንሽ ይቀረዋል፣ ለአትክልተኛው ንገሪው። ሰፊዋ እየሰፋች አዳመጠች። ክሩ ተወሳሰበባት፣ ፈታችው። ከዚያ ሚጡ ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ጠየቀች መሰለ፣ እናትየው ንግግሯን ገታ አድርጋ ወደ ታላቋ ልጇ ዞራ አየቻት፤ ከጭንቅላቷ እስከ ጭቃ የነካው ቀሚሷ ጫፍ ድረስ።

«እሷማ እዚሁ ናት» አለች በስልኩ። «የት ትሄዳለች?»

ሰፊዋ ቃሉን ሰማችው። መጀመሪያ እንደ ጥፊ ነው የመጣው፤ መሄጃ የሌላት፣ እንደ ቤቱ ዕቃ የምትቆጠር። ደግማ በሆዷ ስታሰላስለው ግን እናቷ ስለ ሌላ ስለ ማንም እንዲህ ተማምና ተናግራ እንደማታውቅ ታወሳት፤ ስለ ባሏ አላለችም፣ ስለ ሚጡ አላለችም። ስድብ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃታት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ የምትሰፋውን ታቅፋ ወንበሯን እየጎተተች ወደ ሶፋው ተጠጋች፤ የሚጡ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ከስልኩ ውስጥ ሲያወራ ትንሽ ትንሽ ይሰማታል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንገቷን አሰገገች። እናትየው ወደ እሷ ሳትዞር፣ ወሬዋንም ሳታቋርጥ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ ራቅ አድርጋ ያዘችላት።